የዋይኖ ጠመንጃና አዲሱ

ስድስት ወንዶች ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጫካ ውስጥ በረዶ ላይ ቁጭ ብለን አንድ አጋዘን ሳንጥል የቀረንበት ዓመት ነበር። በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እጃችን ደርቆ፣ አፍንጫችን ቀልቶ ወደ አደን ጎጆአችን ስንገባ አክስቴ ሌምፒ ድስት እያማሰለች ነበር። ፊቷን እንኳ ሳታዞር፣ "አንድ ወንድ አጋዘን እዚህ ጓሮ ቆሞ የድንች ልጣጭ ሲበላ ነበር፤ ቀንዱ ስምንት ጫፍ አለው" አለችን።

"ስምንት? ቆጠርሽው?" አላት ሬይኖ ቦት ጫማውን ከእግሩ ለማውለቅ እየታገለ።

"ጊዜ ነበረኛ! ሃያ ደቂቃ ነው የቆመው።"

"ታዲያ ምነው ግባ አላልሽውም? ወንበር መቼ ጠፋ!"

ጎጆው በሳቅ ተናጋ። እሷ አልሳቀችም፤ የተቆጣችም አትመስልም። ድስቱን ከደነች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገችና "በሚመጣው ዓመት እኔም ጠመንጃ ይዤ ነው የምመጣው። ምግብ የሚሠራውን ሰው ከአሁኑ ምረጡ" አለች።

ቀልድ መስሎን ነበር።

ሌምፒ የአጎቴ የአርቮ ሚስት ናት። ጎጆውን ከሱፒሪየር ሐይቅ በስተደቡብ ባለው ጫካ ውስጥ አርቮና ጓደኛው ሬይኖ በወጣትነታቸው ግንድ ቆርጠው ነው የሠሩት። ኅዳር ላይ አደን ሲከፈት እኛ እንተኩሳለን፣ እሷ ታበስላለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሄደ። አርቮ ከሞተ ሦስት ዓመት ቢሆነውም አልቀረችም። ሥራዋ የስፌት መኪና ጥገና ነው። የመዳብ ማዕድኑ ሲዘጋ ግማሹ ሰው ቤቱን ዘግቶ ወደ ዲትሮይት ሲሄድ እሷ ከቤቷ ጎን ባለችው ክፍል መፍቻዋን ይዛ ቀረች። ከሦስት ከተማ ድረስ መኪና ተሸክመው ይመጡላታል። አንድ ብሎን በጆሮዋ ሰምታ "ይኼ ላልቷል" ስትል የሰማኋት እኔው ራሴ ነኝ።

ግራኝ ናት። ነገሩን የወሰነው ይኼ ነው። የአርቮ ጠመንጃ የሚያጎርሱበት እጀታ በስተቀኝ ስለሆነ፣ ከተኮሰች በኋላ ሌላ ጥይት ለማጉረስ እጇን በጠመንጃው ላይ አሻግራ ነው የምትስበው። ሁለት ጊዜ ሞክራ "ይኼ የኔ አይደለም፤ ኦንኒ፣ አንተ ውሰደው" ብላ ሰጠችኝ። እሷ የፈለገችው ባለ ማንሻውን ነው፤ እኛ አገር ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ሁሉ የሚይዙትን፣ ከሥሩ የጣት ማስገቢያ ያለውን። ማንሻውን ወደ ታች ሲገፉት ቀለሁን ያስፈነጥራል፣ ወደ ላይ ሲመልሱት ሌላ ጥይት ያጎርሳል። ለግራኝም ለቀኝም እኩል ነው።

ቀልድ አለመሆኑን ያወቅነው መስከረም ላይ የአደን ፈቃድ አውጥታ ስትመጣ ነው። ወሬው በአንድ ቀን መንደሩን አዳረሰ። በማግስቱ ሬይኖ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ቤቷ መጣ። እኔ ጣሪያዋ ላይ ወጥቼ የጭስ ማውጫዋን እየጠረግሁላት ነበርና ቶሎ ወረድሁ።

ብርድ ልብሱን ሲገልጠው የወንድሙ የዋይኖ ጠመንጃ ነው። ዋይኖ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጠመንጃው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ነው። የሰደፉ እንጨት በእጅ ወዝ ጠቁሮ እንደ ተቆላ ቡና ያብረቀርቃል፤ ብረቱ ሁልጊዜ ሲያዝ የኖረበት ቦታ ላይ ቀለሙ ሄዶ ነጥቷል። ሌምፒ ተቀብላ ባዶ መሆኑን አየችና ማንሻውን አንድ ጊዜ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ አደረገችው። ድምፁ ከመለስለሱ የተነሳ ቅቤ ውስጥ የገባ ቢላ ይመስላል።

"እንዴት ነው?" አለ ሬይኖ እየተኮፈሰ።

"ደስ ይላል።"

"ደስ ይላል ብቻ? አርባ አጋዘን የጣለ ጠመንጃ ነው! ለሌላ ሰው አልሰጠውም ነበር። ላንቺ በአዲሱ ግማሽ ዋጋ።"

"አዲሱንም ላየው እፈልጋለሁ።"

ሬይኖ ዓይኑን አፈጠጠ። "አዲስ? ሌምፒ፣ በስልሳ ሦስት ዓመትሽ አዲስ ጠመንጃ ምን ይሠራልሻል? ገና ሳይለሰልስልሽ ትሞቺያለሽ እኮ!"

"አንተ ስልሳ ስድስትህ ነው፤ ባለፈው ወር አዲስ የጭነት መኪና ገዝተሃል።"

"እሱ ሌላ ነው!"

"እንዴት ነው ሌላ የሚሆነው?"

ሬይኖ ሲረታ ጆሮው ይቀላል። ያን ቀን ጆሮው ቲማቲም መሰለ። እሷ ሄል የገባበት ዳቦ ቆርሳ በእጁ አስያዘችውና "አትቆጣ። እሑድ ጠጠር የሚቆፈርበት ቦታ እንሂድና ሁለቱንም ልተኩሳቸው። የሚበልጠውን እወስዳለሁ" አለችው። ዳቦውን እየበላ ወጣ።

ቅዳሜ ፔንጀሊ ሱቅ ወሰድኋት። ፔንጀሊ አያቶቹ ማዕድን ለመቆፈር ከእንግሊዝ የመጡ፣ ሱቁ ውስጥ ጠመንጃና የዓሣ መንጠቆ፣ ጎማ ጫማና የሸራ ጓንት የሚሸጥ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። የሚስቱን የስፌት መኪና ሃያ ዓመት እየጠገነች ያቆየችለት ሌምፒ ናት፤ ስለዚህ ስንገባ ከወንበሩ ተነሳ።

"ወይዘሮ ሌምፒ፣ ሰምቻለሁ። ባለ ማንሻ ነው አይደል የሚፈልጉት?"

"አዲስ ካለህ አሳየኝ።"

ከመደርደሪያው አውርዶ ሰጣት። እንጨቱ የፋብሪካ ሽታ አለው፤ ብረቱ ጥቁር ነው፣ አንድ ጭረት የለበትም። ማንሻውን ስትገፋው ተንገጫገጨ። ወደ ላይ ስትመልሰው መሃል ላይ ያዝ አደረጋት። እኔ ፊቴን አዞርሁ፤ ከዋይኖው ጋር ሲተያይ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ነበር።

እሷ ግን አልቸኮለችም። መነጽሯን አውጥታ አደረገች። የብሎኖቹን ራስ አንድ በአንድ አየች። ወረቀት በመክፈቻው በኩል አስገብታ ብርሃን እየመለሰች በአፈሙዙ ውስጡን ተመለከተች። እንጨቱ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበትን መስመር በጥፍሯ ሄደችበት። ምድጃ ዳር ሆና ከእኛ ጋር ስትቀልድ የማውቃት ሴት አይደለችም፤ ደንበኛ መኪና ይዞላት ሲመጣ የምትሆነው ሌላዋ ሌምፒ ናት።

"ሸካራ ነው" አለች።

"ሸካራ ነው" አለ ፔንጀሊም። "እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔን የሚያዋጣኝ ይኼን ብሸጥልዎ ነው፤ ግን የድሮዎቹ አሠራር ይበልጣል። ያኔ በእጅ ነበር የሚያስተካክሉት።"

"አያለሁ እኮ። ሸካራነቱ ግን ያልተሠራበት ስለሆነ ነው እንጂ የተበላሸ ነገር የለበትም። ነገ ይዘኸው ጠጠር ጉድጓዱ ጋ ትመጣለህ?"

ፔንጀሊ ሳይሸጥ ያስተኮሰው ጠመንጃ እንዳለ አላውቅም። ጭንቅላቱን አከከ። "ለሌላ ሰው አላደርገውም" አለና የሚመጣበትን ሰዓት ጠየቃት።

እሑድ ከሰዓት ብርዱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የወረቀት ሳህኖች ሰክተን ሰባ እርምጃ ያህል ራቅን። የጭነት መኪናዬን ኋላ ከፍቼ ብርድ ልብስ አነጠፍሁና ሁለቱን ጠመንጃዎች ጎን ለጎን አስተኛናቸው። ሬይኖ ፂሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነው የመጣው፤ ልጁን ሊድር የመጣ ይመስል ነበር።

በዋይኖው ጀመረች። ሰደፉን በግራ ትከሻዋ ላይ አስደገፈች፣ ተነፈሰች፣ ተኮሰች። አምስት ጥይት። ሄደን ስናይ አምስቱም በአንድ የእጅ መዳፍ የሚሸፈኑ ናቸው። ሬይኖ ወደኔ እያየ "እህ?" አለ።

ከዚያ አዲሱን አነሳች። የመጀመሪያው ደህና ሄደ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ማንሻውን ቀስ ብላ ስትመልሰው ጥይቱ ግማሽ መንገድ ገብቶ ተቀረቀረ።

"ይኸው!" አለ ሬይኖ። "ቀንዳሙ ቆሞ ይጠብቅሽ እንደሆነ!"

ፔንጀሊ ጠጋ ብሎ ጥይቱን አወጣላትና "ወይዘሮ ሌምፒ፣ አይለማመጡት። እስከ ጥግ ይግፉት፣ እስከ ጥግ ይመልሱት። ይኼ ዓይነቱ ፈሪ እጅ አይወድም" አላት።

"ፈሪ እጅ የለኝም፤ ጨዋ ሆኜ ነው" አለችው። ቀጥላ የተኮሰቻቸው አራቱም ያለ ምንም እንቅፋት ወጡ፤ ማንሻው እንደ በር እየተዘጋ ነበር። ሳህኑን ስናይ ግን ከዋይኖው ትንሽ ሰፋ ብሎ ተበትኗል።

እኔ በልቤ ጨርሼ ነበር። ሬይኖም ጨርሷል፤ ብርድ ልብሱን ሊያጥፍላት እጁን ዘርግቷል። ሌምፒ ግን የዋይኖውን ደግማ አነሳችው። ጥይት አለመኖሩን በዓይኗም በጣቷም አረጋገጠች። ከኋላ ያለችው፣ ወድቃ ጥይቱን የምታፈነዳው መዶሻ ሦስት ቦታ አላት፦ የወደቀች፣ ሙሉ ለሙሉ የተሳበች፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ለጥንቃቄ የምትቆምበት። መካከል ላይ ካለች ቢገፏትም፣ ምላጩን ቢነኩትም መውደቅ የለባትም። ሰው ጠመንጃውን አጉርሶ ጫካ ለጫካ የሚሄደው በሷ ተማምኖ ነው።

ሌምፒ መዶሻዋን መካከል ላይ አቆመችና በአውራ ጣቷ ገፋቻት።

ቀጭ።

ደገመችው። ቀጭ። ሦስተኛ ጊዜ ሳትገፋት ሰደፉን መኪናው ላይ በቀስታ መታ አደረገችው። ቀጭ።

"እሱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አለችው ሬይኖን።

"ምን ... አላውቅም። ዋይኖ ሠላሳ ዓመት ይዞታል፤ አንድ ቀን ምንም አልሆነም!"

ከኮቷ ኪስ ትንሽ የመፍቻ ጥቅል አወጣች። ብሎኖቹን ፈታች፣ መዶሻዋን አወጣች፣ ወደ ፀሐይ ይዛ በመነጽሯ ላይ ሌላ አጉሊ መነጽር ጨምራ አየቻት። ከዚያ ለፔንጀሊ አሳለፈችለት። እሱም አይቶ ከንፈሩን ነከሰና ለእኔ ሰጠኝ። መዶሻዋን መካከል ላይ የምታቆማት ጥርስ በሞረድ ተበልታለች። የሞረዱ መስመር እንኳ ይታያል።

"ምላጩ እንዲቀለው ብሎ ሞርዶታል" አለች ሌምፒ።

"ወንድሜ ግድየለሽ ሰው ነበር ነው የምትይው?"

"አላልሁም።"

"አልሽ እንጂ! ሞቶም እንኳ ..."

"ሬይኖ፣ ስማኝ። ዋይኖ ለገዛ ጣቱ ነው የሞረደው። እሱ ያውቀዋል፤ ሲይዘው እንዴት መያዝ እንዳለበት ያውቃል። እኔ ግን አላውቅም ነበር። አንተም አላወቅህም። እኔ ባልወስደው ለሌላ ሰው ትሸጠዋለህ፤ እሱም አያውቅም።"

ጆሮው ቀላ። የፈታቻቸውን ዕቃዎች እሷ ገጣጥማ እስክትጨርስ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ጠመንጃውን ተቀበላት፣ ብርድ ልብሱን ጭራሽ ረሳው፣ ወደ አዲሱ መኪናው ገባና ጠጠሩን እያስፈነጠረ ሄደ።

"የሚቀየር ነው" አለ ፔንጀሊ። "መዶሻዋን አስመጣለሁ። ብዙ አያስወጣም። ከተቀየረ በኋላ ያ ጠመንጃ ከዚህኛው ይሻላል። ነጋዴ ሆኜ ልል የማይገባኝን ነው የምልዎት።"

"አክስቴ፣ እውነቱን ነው" አልኋት። "በግማሽ ዋጋ ነው። አንቺው ራስሽ ትቀይሪዋለሽ። እንደሱ የለሰለሰ ደግሞ አታገኚም።"

ሌምፒ መኪናው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አዲሱን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ማንሻውን በዝግታ ከፈት፣ ዘጋ፣ ከፈት፣ ዘጋ አደረገችው።

"ኦንኒ፣ የሰርግ ቀሚሴ የማን ነበር?"

"የእህትሽ።"

"ምድጃዬስ?"

"ከማዕድኑ አስተዳዳሪ ቤት የወጣው ነው መሰለኝ።"

"የምሠራበት የስፌት መኪናስ?"

"ባለቤቷ ጥላልሽ የሄደችው።"

"ሁሉም ደህና ናቸው። አንዱንም አልጠላሁም። አርቮም ቢሆን እጮኛ ነበረችው፣ ትታው ነው ወደኔ የመጣው።" ፔንጀሊ ሳቁ አመለጠው። እሷም ፈገግ አለች። "የድሮው እንደሚበልጥ አይቻለሁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እጅ ነው ያለበት። እኔ ግን ዕድሜዬን በሙሉ ሌላ ሰው የለመደውን ስለምድ ኖሬአለሁ። ይኼ ገና ማንንም አያውቅም። እኔ አለሰልሰዋለሁ።"

"እርግጠኛ ነዎት?" አላት ፔንጀሊ።

"ጠቅልልልኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬይኖ ቤቷን አልረገጠም። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ባርኔጣውን አንስቶ ያልፋታል፤ ከእኔ ጋር ደግሞ ስለ አየሩ ብቻ ነው የሚያወራው። ሌምፒ ግን ነገሩን እያሰበች እንቅልፍ ያጣች አትመስልም። በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ፣ ባሩድ የሌላቸው መለማመጃ ጥይቶች በጠመንጃው እየሞላች ማንሻውን ትሠራለች። በዚያ መንገድ ሳልፍ ይሰማኛል፤ ክላክ ክላክ፣ ክላክ ክላክ። በመጀመሪያው ሳምንት ድምፁ የእህል ወፍጮ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እየቀጠነ መጣ። አንድ ቀን መኪናዬን አቁሜ ወረድሁ።

"ስንት ደረሰ?"

"ሺህ አልፏል። መቁጠር ትቻለሁ። እንካ ሞክረው።"

ሞከርሁት። የዋይኖውን አያህልም፤ ግን እጅ ሲነካው ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚያውቅ ሆኗል። ከውስጥ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ የብረት ሻካራ አግኝታ በደቃቅ መሳያ ድንጋይ አሽታዋለች። "ከዚህ ሌላ ምንም አልነካሁም፤ ጥርሶቹን በተለይ" አለችኝ።

አደኑ ሊከፈት ዐሥር ቀን ሲቀረው እኔ ማገዶዋን እየፈለጥሁ ሳለ የሬይኖ መኪና ገባ። ወረደና እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ በሩ ላይ ቆመ። ሌምፒ "ግባ" አለችው። አልገባም።

"ፔንጀሊ ዘንድ ሄጄ ያቺን መዶሻ አስመጥቻለሁ" አለ። ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለች ዕቃ አወጣ። "እቤት ሆኜ የድሮዋን ራሴ ሞከርኋት። ሃያ ጊዜ። ሃያውንም ጊዜ ወደቀች።"

"እህ።"

"ባለፈው ዓመት ወደ ጎጆው የዋይኖን ጠመንጃ ይዤ ነበር እኮ የመጣሁት። የኔው ማነጣጠሪያ ተበላሽቶብኝ። ምሳ ልበላ ስገባ ጥይት እንዳለበት መዶሻዋን መካከል ላይ አድርጌ ጥግ አስደገፍሁት።" ጥቅሏን በእጁ አገላበጠ። "አንቺ ከጎኑ ቆመሽ ሳህን ታጥቢ ነበር።"

ሌምፒ እጇን ዘረጋች። "ጠመንጃውስ?"

"መኪናው ውስጥ ነው።"

"አምጣዋ! ምን ቆመህ ታየኛለህ? መዶሻዋ ብቻዋን ምን ትሠራለች?"

ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም። ሲያልቅ መካከል ላይ አቆመችና በአውራ ጣቷ፣ ከዚያ በሁለቱም አውራ ጣቶቿ ገፋቻት። ንቅንቅ አላለችም። ሬይኖ ራሱ እንዲሞክር ሰጠችው። ሞከረ፣ ደገመ፣ በረጅሙ ተነፈሰ።

"ለማን ልትሸጠው ነው?" አለችው።

"አልሸጠውም። ይኼን ዓመት ይዤው ልወጣ ነው።"

"ጥሩ። ጎጆው ውስጥ ግን ባዶውን ነው የምታስገባው። አንተ ብቻ አይደለህም፤ ሁላችሁም።"

ከዚያ ዓመት ጀምሮ የሞላ ጠመንጃ የጎጆአችንን ደጃፍ አያልፍም። አንድ ሰው እንኳ አልተከራከራትም።

አደኑ በተከፈተበት ማለዳ ብርቱካናማ ሰደርያዋን ለብሳ፣ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ከሁላችን ቀድማ ደጅ ቆማ ነበር። ምግቡን በተራ ልንሠራ ተስማምተን ነበርና የመጀመሪያው ቀን ተራ የኔ ሆነ። ሾርባው ላይ ጨው አንድ ጊዜ እኔ ጨመርሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ያልጨመርሁ የመሰለው ሬይኖ ጨመረ። ሌምፒ ቀምሳ ማንኪያውን አስቀመጠችና ዳቦዋን በቅቤ በላች። ይኼ ከስድብ በላይ ከበደን።

የምትቀመጥበትን ቦታ ራሷ ነው የመረጠችው፤ በወንዙ መታጠፊያ፣ የወደቀ ትልቅ የጥድ ግንድ ሥር። እኔ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ርቄ ነበርሁ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሴት አጋዘኖች በፊቷ አለፉ። በሁለተኛው ቀን ቀንዱ ገና ጣት የሚያህል ጎረምሳ መጣ፤ አየችው፣ አየችና ተወችው። ማታ ስትነግረን አንዱ "እኔ ብሆን አልምረውም ነበር" ሲል "አንተማ ዓምና ምን አገኘህና ነው የምትምረው?" አለችው።

በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አንድ ተኩስ ሰማሁ። ሁለተኛ ጠበቅሁ። የለም። ጫካው ጸጥ አለ፤ ከቅርንጫፍ በረዶ ብቻ ይረግፋል። ተነሥቼ ወደሷ ገሰገስሁ።

ግንዱ አጠገብ ቆማ ነው ያገኘኋት። ማንሻውን መልሳ ዘግታ፣ ሌላ ጥይት አጉርሳ፣ መዶሻዋን መካከል ላይ አድርጋ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት ይዛ ነበር። ባዶው ቀለህ ከእግሯ ሥር በረዶውን አቅልጦ ሰምጧል።

"የት ነው?"

በአገጯ አመለከተችኝ። "ስልሳ እርምጃ። አልሮጠም ብል ውሸት ነው፤ ሃያ ያህል ሄዶ ከዚያ ቁጥቋጦ ኋላ ወደቀ። ትንሽ እንጠብቅ። ቶሎ ከሄድንበት ይነሣል።"

ይኼን የምትለው ለኔ፣ ከዐሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ጫካ ለወጣሁት ነው። ጠበቅን። ጉንጯ ፍም መስሏል፤ ዓይኗም ከቁጥቋጦው አልተነቀለም። ስንሄድ ሞቶ አገኘነው። ቀንዱ ሰፊ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ትልቅ ወንድ ነው። ጥይቱ ከትከሻው ኋላ፣ መግባት ያለበት ቦታ ላይ ነው የገባው። ሌምፒ ጓንቷን አውልቃ ተንበረከከች፣ መዳፏን አንገቱ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች። የጸለየች መሰለኝ፤ አልጠየቅኋትም። ከዚያ ቢላዋን አወጣች።

ሆድ ዕቃውን አጽድተን ስንጨርስ ሬይኖ ገመድ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በዛፎቹ መሃል ብቅ አለ። ቆመ። አጋዘኑን አየ፣ እሷን አየ፣ ጠመንጃዋን አየ።

"በአንድ?"

"በአንድ።"

"እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ሽኮኮ ብቻ ነው ያየሁት!"

"ጨው የጨመርህበት ሾርባ ሸትቷቸው ይሆናል የሸሹት" አልሁት። ገመዱን ፊቴ ላይ ወረወረብኝና ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ቀንዱ ላይ አስረን መጎተት ጀመርን። ወንዙን ለመሻገር ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ሌምፒ ከኋላ ሆና ሁለት ጠመንጃ ተሸክማ፣ "በግራ! በግራ ያዙት! ድንጋዩን አታዩም?" እያለች ታዘን ነበር።

በማግስቱ አጋዘኑን ጭነን ወደ መመዝገቢያው ወረድን። በየዓመቱ መንገድ ዳር ድንኳን ተክለው የታደነውን አጋዘን ዕድሜ በጥርሱ እያዩ የሚጽፉ የመንግሥት ሠራተኞች አሉ። አንድ ለጋ ወጣት መዝገብ ይዞ መጣና መኪናው ላይ ያለውን ሲያይ አፏጨ። ወደኔ ዞሮ "የሚገርም ነው፤ ፈቃድዎን ያሳዩኝ?" አለኝ።

"የኔ አይደለም።"

ወደ ሬይኖ ዞረ። ሬይኖ ሁለት እጁን አነሳ። "እኔን አትየኝ፤ እኔ ገመድ ጎታች ነኝ።"

ሌምፒ ፈቃዷን ከኪሷ አውጥታ አቀበለችው። ወጣቱ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ኮፍያውን ነካ አደረገ። "እርስዎ ነዎት? ይቅርታ። የት አካባቢ ነው የጣሉት?"

"እሱን እንኳ ለመንግሥትም አልናገርም" አለችው።

ወጣቱ ሳቀ፤ "ወረዳውን ብቻ" አላት። ነገረችው። መንጋጋውን ከፍቶ አራት ዓመት ተኩል ብሎ ጻፈ፤ ምናልባት በዚህ ወቅት እስካሁን ካየው ሁሉ ትልቁ መሆኑንም ጨመረላት። ሬይኖ ከዚያ ከሚያውቃቸው ሰዎች ጋር ወሬ ስለያዘ በሌላ መኪና እመጣለሁ አለን።

ስንመለስ ሌምፒ ከጎኔ ተቀመጠች። መንገዱ በበረዶ ታጥሯል፤ ሐይቁ በዛፎቹ መሃል አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄድን መናገር ጀመረች፤ መጀመሪያ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሽኮኮ እንደመሰላት፣ ከዚያ አንድ ጆሮ ብቻ እንዳየች፣ ትንፋሿ መነጽሯን ጉም እንዳለበሰውና በአውራ ጣቷ ጠርጋ ቀንዱን እንዳየች። ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር ስትነግረኝ። ወደ ጎጆው የሚገባበት መታጠፊያ ሲታየኝ እሷ ገና ጠመንጃዋን ወደ ትከሻዋ ማንሳቷ ላይ ነበረች፤ እስክትጨርስልኝ ድረስ መኪናውን ቀስ አድርጌ ነዳሁ።